ሾክዌቭ አዲሱን የጉልበት ጅማት ያጠነክራል?

የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አንባቢያን ከሚልኩልን ደብዳቤዎች መካከል ሾክዌቭ ስለሚባለው ሕክምና የሚጠይቁት እየበዙ በመምጣታቸው የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው የብዙዎችን ጥያቄ አጠቃሎ የያዘ በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ተሰጥቶበታል፤ ሌሎቹን የሚያነቡም ከእሱ ቢጀምሩ መልካም ነው። የጠያቂዎቹን ስም አላተምንም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጤና ዓምድ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን ኳስ ስጫወት እግሬ መሬት እንደረገጠ ሰውነቴ ዞሮ የጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ከቋንጃዬ በተወሰደ ጅማት ተተክቶልኝ አሁን 11ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ጉልበቴ በደንብ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ከጤነኛው ጋር ሳስተያየው ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፣ ጭኔም በጣም ከስቷል። የምታከምበት ቦታ ስድስት ጊዜ ሾክዌቭ ብወስድ አዲሱ ጅማት ቶሎ እንደሚጠነክርና በአምስተኛው ወር ወደ ሜዳ መመለስ እንደምችል ነግረውኛል። እውነት ያጠነክረዋል? ጉልበቴ ውስጥ አዲሱን ጅማት የያዘው ብሎን በኤሌክትሪኩ አይጎዳም? ወይስ ጭራሽ ጅማቱን ይበጥስብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል፤ የስጋትዎ ግማሽ ከስሙ የመጣ ይመስለኛልና። «ሾክ» የሚለውን ቃል የምናውቀው ኤሌክትሪክ ሲይዘን ስለሆነ ብዙ ታካሚዎች ሾክዌቭ ሲባሉ ጉልበታቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ሾክዌቭ የግፊት ሞገድ ነው፤ መሣሪያው ጄል በተቀባ ቆዳ ላይ ሲያርፍ እጅግ አጫጭር የግፊት ምቶችን እየደጋገመ ወደ ሰውነት ይልካል፣ ታካሚው የሚሰማውም ፈጣን የሆነ የመመታት ስሜት ነው። ስለዚህ ብሎንዎ ከብረትም ይሁን ቀስ በቀስ በሰውነት ከሚዋጥ ነገር የተሠራ፣ የሚያሰጋው ኤሌክትሪክ የለም። ብሎን መኖሩም በራሱ ሕክምናውን የሚከለክል ምክንያት ተደርጎ አይቆጠርም፤ በብረት ተይዘው እያለ አልገጥም ያሉ የአጥንት ስብራቶችም በዚሁ ሞገድ ሲታከሙ ኖረዋል።

ሕክምናው ወደ ጅማት የመጣው ከኩላሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመን በሙኒክ ከተማ የአንድን ታካሚ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና ከውጭ በተላከ የግፊት ሞገድ መፍጨት ተቻለ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ይህንኑ ሞገድ መጀመሪያ ላልገጠመ አጥንት፣ ቀጥሎም ለቆየ የጅማት ሕመም ሞከሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቆየ የውስጥ እግርና የተረከዝ ሕመም የሚያገለግል መሣሪያ ፈቀደ። እርግጥ ለጅማት የሚሰጠው መጠን ጠጠር ከሚፈጨው ያነሰ ነው፤ ዓላማውም መስበር ሳይሆን ሕዋሳትን መቀስቀስ ነው። ሕዋሳት በመጠኑ ሲገፉ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ጥገና እንዲጀመር የሚያነሣሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ ይህም በእንስሳት ላይ በተሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል።

እዚህ ላይ የቋንቋችን አንድ ጠባይ ሰውን እንደሚያሳስት መጥቀስ ይኖርብኛል። እኛ ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘውንም (ቴንደን)፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም (ሊጋመንት) በአንድ ስም ጅማት እንላቸዋለን። ሾክዌቭ ስሙን ያተረፈው በመጀመሪያው ዓይነት ጅማት ላይ፣ ያውም ከቆዳ ሥር ቅርብ በሆኑት ላይ ነው። «ለጅማት ይረዳል» የሚለው አነጋገር በዚያ ረገድ እውነትነት ቢኖረውም፣ የእርስዎ የፊት መስቀለኛ ጅማት ግን በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ በመገጣጠሚያው እምብርት ላይ ተጋድሞ የሚገኝ ነው። ከፊት የጉልበት ሎሚ፣ ከጎንና ከጎን የጭንና የቅልጥም አጥንት ይከልሉታል፤ ሞገዱም አጥንት ሲያጋጥመው አብዛኛው ይመለሳል ወይም ይዳከማል።

በዚህ ምክንያት የመሣሪያው ዓይነት ወሳኝ ነው። በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች በብዛት የሚታየው ራዲያል የሚባለው ሲሆን፣ በታመቀ አየር የሚወነጨፍ ትንሽ ብረት ከመሣሪያው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ግፊት ይፈጥራል። የዚህ ዓይነቱ ግፊት ከሁሉ የሚበረታው በቆዳው ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየተበተነ ይደክማል። ሌላው ፎከስድ የሚሉት ነው፤ ይህኛው ሞገዱን እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ያሳርፈዋል። ያቀረቡልዎ ራዲያል ከሆነ አዲሱን ጅማት ያጠነክራል ማለት ከመሣሪያው አሠራር ጋር አይሄድም፤ ወደዚያ ጥልቀት የሚደርሰው የሞገዱ ኃይል እጅግ ጥቂት ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መሣሪያው የትኛው ነው? የሚያነጣጥረውስ የት ላይ ነው?» የሚለውን ይሁን። አጥጋቢ መልስ የሚሰጥዎ ባለሙያ የሚያደርገውን የሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። በጉልበትዎ ውስጥ የተተከለው ጅማት በተተከለበት ዕለት ሕይወት ያለው ሊጋመንት አይደለም። ከቋንጃዎ ሲወሰድ የደም ሥሮቹ ስለተቆረጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ከዚያም አዳዲስ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ከዳር ወደ ውስጥ እየገቡ እንደገና ይሠሩታል። ይህ ፈርሶ የመሠራት ጊዜ ጅማቱ ከሁሉ የሚደክምበት ሲሆን፣ በግምት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ውስጥ ይወድቃል። እርስዎ ያሉት እዚያ ላይ ነው። ሕመሙ ቀንሶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ክራንቹ ተጥሎ ሰው «ድኛለሁ» በሚልበት ሰዓት ጅማቱ ውስጥ ለውስጥ በጣም ስስ የሆነበት ወቅት መሆኑ ታካሚዎቼን ሁሉ ደጋግሜ የማስጠነቅቅበት ነገር ነው። በተጨማሪም የቋንጃ ጅማት በአጥንቱ ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ከአጥንት ጋር እስኪዋሐድ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ሙሉው ብስለት ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል።

ሾክዌቭን በዚህ ሂደት ላይ የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። በታይዋን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ሞገዱን በቀዶ ሕክምናው ዕለት በቅልጥሙ ቀዳዳ ዙሪያ ሰጥቶ ታካሚዎቹን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል፤ ሞገዱን ያገኙት ሰዎች ቀዳዳቸው እምብዛም አልሰፋም፣ የጉልበት አገልግሎት መለኪያ ነጥባቸውም ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። በኋላ የተሠራ የኦስትሪያ ጥናት ደግሞ ሞገዱን በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ሰጥቶ ተስፋ ሰጪ ውጤት አቅርቧል። ሁለቱንም በደስታ ነው ያነበብኳቸው፤ ሆኖም በእያንዳንዳቸው የተሳተፉት ሰዎች ከመቶ በታች ነበሩ። ከእነዚህ ተነሥቶ «መመርመሩን ሊቀጥሉበት የሚገባ ሐሳብ ነው» ማለት ይቻላል፤ ለአንድ ታካሚ «ጅማትህ ቶሎ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ቶሎ ትመለሳለህ» ብሎ ቃል መግባት ግን አይቻልም። በጥናቶቹ ውስጥ የተሰጠበት ጊዜም ከእርስዎ 11ኛ ሳምንት ጋር እንደማይገጥም ልብ ይበሉ።

ይበጥስብኝ ይሆን ላሉት፣ በተለመደው መጠን ተተኪ ጅማትን በጠሰ የሚል ነገር በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ አላጋጠመኝም። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ጉዳት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ምርመራ የጥንቸሎች የተረከዝ ጅማት በካሬ ሚሊሜትር 0.60 ሚሊጁል በሚደርስ የሞገድ ኃይል ሲመታ የሕብረ ሕዋስ ጉዳት ታይቶበታል፤ በአነስተኛው መጠን የተመቱት ግን እንዲህ አልሆኑም። ስለዚህ «ጠንከር አድርገው ይምቱኝ፣ ቶሎ ልዳን» የሚለው የታካሚዎች ልመና በፍጹም ሊሰማ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ መካከል እንደ ቀላል ነገር ያለፉት ዓረፍተ ነገር ነው። በ11ኛ ሳምንት ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ አለመዘርጋቱ ሊታለፍ አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ከተተኪው ጅማት ፊት ለፊት እንደ ጓጎለ ጠባሳ ያለ ነገር ይበቅልና ጉልበቱ ሊዘረጋ ሲል በአጥንቶቹ መካከል እየተቀረቀረ ያግደዋል፤ እንዲህ ያለውን ሾክዌቭም፣ በኃይል መጫንም አያስወግደውም፣ የቀዶ ሐኪሙ ምርመራና አስፈላጊ ሲሆንም ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። መንሥኤው የጡንቻ መጨማደድ ብቻ ከሆነ ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ ተረከዝን ከፍ ባለ ነገር ላይ አሳርፎ ጉልበትን ማዘርጋት ብዙውን ጊዜ ይረዳል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን እርስዎን በአካል ያየ ሐኪም ነው። ለስድስቱ የሾክዌቭ ቀጠሮዎች ከመመዝገብዎ በፊት የቀዶ ሐኪምዎን ቀጠሮ ያስቀድሙ።

የጭንዎ መክሳትም የራሱ ምክንያት አለው። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ ከመገጣጠሚያው የሚወጣው መልእክት የፊት ጭን ጡንቻን ያፍነዋል፤ ሰውየው ቢፈልግም ጡንቻውን በሙሉ ኃይሉ ማዘዝ ያቅተዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ታካሚዎች ራሳቸውን ሲወቅሱ ስሰማ ያሳዝነኛል። መድኃኒቱም እብጠቱን መቀነስ፣ ጡንቻውን በየጊዜው እያከበዱ ማሠራት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትም በባለሙያ የሚሰጥ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ነው። ኤሌክትሪክ ያለው እንግዲህ በዚህኛው እንጂ በሾክዌቭ ውስጥ አይደለም፤ ጥቅሙም ለእርስዎ በአሁኑ ጊዜ ከሾክዌቭ ይልቅ የተረጋገጠ ነው።

ስለ አምስተኛው ወር የተነገረዎትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የኖርዌይ ተመራማሪዎች የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዞር ዞር ማለትና መዝለል ወዳለበት ስፖርት የመመለሻው ጊዜ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ እንደገና የመጎዳቱ ዕድል በ51 በመቶ ቀንሷል። በዚያም ላይ ወሩ መቆጠሩ ብቻ አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት እግር የጭን ኃይል፣ በአንድ እግር የመዝለል ርቀትና አኳኋን ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ ሊደርሱ ይገባል። በአምስተኛው ወር ተመልሶ ምንም ያልሆነ ሰው ሊያውቁ ይችላሉ፤ ጅማቱ ሁለተኛ ጊዜ ተበጥሶ የመጣ ሰው ፊት ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሾክዌቭ ቢወስዱም ባይወስዱም ይህን የቀን መቁጠሪያ የሚያሳጥር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ተተኪው ጅማት የተወሰደው ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ነው። ጉልበቴ አይከዳኝም፤ ነገር ግን ደረጃ ስወርድና ስንበረከክ ከሎሚው በታች ክፉኛ ያመኛል። ሾክዌቭ ይረዳኛል? ስንት ጊዜስ መውሰድ አለብኝ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የእርስዎ ጉዳይ ከመጀመሪያው ጠያቂ በእጅጉ ይለያል። ከሎሚው ሥር ወደ ቅልጥም የሚወርደው ጅማት መካከለኛው ክፍል ተቆርጦ ሲወሰድ የቀረው ሸክሙን እየተሸከመ መዳን ይኖርበታል፤ በዚያ ቦታ ላይ ሕመም መቅረቱም በዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። ጅማቱ ከቆዳ ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሚርቅ ሞገዱ በቀላሉ ይደርሰዋል። ሾክዌቭ ሊሞከር ይገባል ከምልባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።

ይሁንና መጀመሪያ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ መለየት ይቀድማል። በአንድ ጣት ጫፍ ጅማቱ ላይ ሲጫኑ ያው ሕመምዎ የሚቀሰቀስ ከሆነ ምንጩ ጅማቱ ሳይሆን አይቀርም። ከጠባሳው ወደ ውጭ በኩል ቆዳው የደነዘዘ፣ ሲነካ የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ከሆነ ግን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተነካች ትንሽ የስሜት ነርቭ ልትሆን ትችላለች፤ ሲንበረከኩ የሚሰማው ሕመም ብዙ ጊዜ የእሷ ነው፣ ሾክዌቭም ለእሷ አልተዘጋጀም። ሕመሙ ከሎሚው ጀርባ ሆኖ ረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሡ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሎሚውና የጭኑ አጥንት መገናኛ ጉዳይ ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ሊገኙም ይችላሉ፤ ለዚህ ነው ሳይመረምሩ መሣሪያ የሚያነሡ ባለሙያዎች የሚያሳዝኑኝ።

ጅማቱ መሆኑ ከተረጋገጠ የተለመደው አሰጣጥ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ3 እስከ 5 ጊዜ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2000 ያህል ምት ይሰጣል። የምቱ ኃይል መጠን እርስዎ ሊታገሡት በሚችሉት ይወሰናል። ሕመሙን ለማስቀረት ቦታውን በማደንዘዣ መርፌ ማደንዘዝ ግን አይመከርም፤ ለተረከዝ ሕመም በተሠራ ጥናት ማደንዘዣ የተወጉት ታካሚዎች ያገኙት ጥቅም አንሶ ታይቷል፣ በዚያም ላይ ባለሙያው ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው እርስዎ «እዚህ ላይ ነው» ሲሉት ነው። ከሕክምናው በኋላ ቆዳው ሊቀላ፣ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ሊታይበት፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሊያምዎት ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት ከመዝለልና ከመሮጥ ይቆጠቡ። ውጤቱም ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ የሚለካው ከመጨረሻው ቀጠሮ በኋላ ወደ 12 ሳምንት ገደማ ሲሆን ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ለውጥ አላየሁም ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ቀጠሮ የሚጨምርልዎ ሰው ካጋጠመ ግን ምክንያቱን ይጠይቁ። በቅርብ ሳምንታት በጉልበትዎ የኮርቲዞን መርፌ ወስደው ከሆነ መናገር ግድ ነው፤ ኮርቲዞን ጅማትን ለጊዜው ስለሚያደክም ብዙ ባለሙያዎች ስድስት ሳምንት እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።

የምጠብቀውን እንዳላጋንንብዎ ሌላውንም ወገን ልንገርዎ። በዚያው በሎሚው ሥር ጅማት ሕመም ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ባላደረጉና በውድድር ወቅት ላይ ባሉ ዘላይ ስፖርተኞች የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ሾክዌቭን ከማስመሰያ ሕክምና ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። እኔ ከዚህ የምረዳው ጅማቱ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ባለበት ሁኔታ ሞገዱ ብቻውን ምንም ሊያደርግለት እንደማይችል ነው። ጅማትን ጅማት የሚያደርገው ሸክም ነው፤ ቀስ ያለ፣ ከባድና በየሳምንቱ በጥቂቱ የሚጨምር ሸክም። ከፊዚዮቴራፒስትዎ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠሩት የእግር መግፊያና ቀስ ብሎ የመቀመጥና የመነሣት እንቅስቃሴ ዋናው ሕክምናዎ ይሁን፤ ሾክዌቭ ከጎኑ ይቆማል። በእንቅስቃሴው ጊዜ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ ሕመም ቢሰማዎት፣ በማግሥቱ ጠዋት ወደነበረበት እስከተመለሰ ድረስ፣ ጉዳት አይደለም። ማግሥቱን ብሶ ካደረ ክብደቱን ይቀንሱ እንጂ እንቅስቃሴውን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የጉልበት ጅማቱ ተተክቶለት ሦስተኛ ወሩን ይዟል። አሠልጣኙ ለታላላቆቹ ተጫዋቾች የሚሰጠውን ሾክዌቭ ለእሱም እንዲሰጠው ይፈልጋል። ልፍቀድ?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ አይፍቀዱ። ልጅዎ በማደግ ላይ ነው፤ የሰው እግር ቁመት የሚጨምረው በአብዛኛው በጉልበት ዙሪያ ባሉ ሁለት የእድገት ሰሌዳዎች ነው። ከጭን አጥንት ታችኛው ጫፍና ከቅልጥም አጥንት ላይኛው ጫፍ የሚገኙት እነዚህ የልስልስ አጥንት ንጣፎች ከእግሩ አጠቃላይ እድገት ወደ 65 በመቶ የሚሆነውን ይሸከማሉ። ከፍተኛ ኃይል ያለው ፎከስድ ሾክዌቭ በእድገት ሰሌዳ ላይ እንዳይሰጥ ዓለም አቀፉ የሕክምና ሾክዌቭ ማኅበር ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሞገድ ይህን ያህል ባያስከለክልም፣ ለልጅዎ ጉልበት ሊሰጠው የሚችል የተረጋገጠ ጥቅም ሳይኖር በዚያ ቦታ ላይ የሚሞከርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሠልጣኙ ለልጁ አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ይህን የመወሰን ሥልጣን የቀዶ ሐኪሙና የእናንተ የወላጆቹ ነው። ይልቁንም ከአሠልጣኙ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጅማታቸውን እንደገና የመበጠስ፣ ወይም የሌላኛውን እግራቸውን የመበጠስ ዕድላቸው ከአዋቂዎች የበለጠ ነው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ለታዳጊዎች ከዘጠኝ ወርም በላይ፣ እስከ አንድ ዓመት መጠበቅን ይመክራሉ። ልጁ በዚህ ጊዜ ከቡድኑ እንዳይለይ፣ በልምምድ ቦታ ተገኝቶ የራሱን የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ እንዲሠራ ቢፈቀድለት ለመንፈሱ ብዙ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ 16 ቀኔ ነው። ከትናንት ጀምሮ ባቴ አብጦ ጠጥሮብኛል፣ ስረግጥ ያመኛል፣ ሲዳሰስም ይሞቃል። ጎረቤቴ ጡንቻ ስለተኮማተረብህ ነው፣ ሾክዌቭ ባትህ ላይ ብታስደርግ ይፈታልሃል አለችኝ።

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ እስኪታተም ሊጠበቅ የማይችል በመሆኑ በደረሰን ሰዓት ለጠያቂው መልስ ሰጥተን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ነግረናቸዋል። እዚህ የምናትመው ተመሳሳይ ምልክት ለሚገጥማቸው ሌሎች አንባቢያን ነው።

ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት የአንድ ወገን ባት ማበጥ፣ መጠጠር፣ መሞቅና ማመም በጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋቱን ሊያመለክት ይችላል። ይህ ሳይመረመር ሾክዌቭም ሆነ ማሸት በባቱ ላይ መደረግ የለበትም፤ የረጋው ደም ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ምርመራው የደም ሥር አልትራሳውንድ ነው፤ ሕመም የሌለውና በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ነው። ከባቱ እብጠት ጋር ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። ትኩሳት፣ የጉልበቱ መቅላትና ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣትም እንዲሁ በዕለቱ ለቀዶ ሐኪሙ መነገር ያለባቸው ናቸው፤ በመርዘኛ ጀርም የተበከለ ጉልበት በሰዓታት ውስጥ ይጎዳልና።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢያንም፣ የረጋው ደም ከታከመ በኋላም ቢሆን፣ ሾክዌቭ ሊወስዱ ሲሉ መድኃኒቱን በስሙና በመጠኑ ለባለሙያው መንገር አለባቸው፤ ሞገዱ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሊያደማ ስለሚችል። በሚታከመው ቦታ ላይ ካንሰር ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ አስቀድመው ይናገሩ። መድኃኒቱን ለሾክዌቭ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሾክዌቭ ሊዘገይ ይችላል፣ የደም ማቅጠኛው አይዘገይም።